ሹኮ፦ የሶኬቱን ስም ከነሶኬቱ መፍታት

ቱሉ ዲምቱም ሆነ ኮዬ ፈጬ፣ ቡራዩም ሆነ ሰበታ፣ አዲስ ቤት ተለስኖ ቀለም እንደተቀባ ሶኬት ይገጠማል። ከሚገጠሙት ዓይነቶች አንዱ ክብ ጎድጓዳ ፊት ያለው ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች፣ በዳርና ዳሩ ደግሞ ወደ ውስጥ የጎበጡ ሁለት የብረት ምላሶች አሉት። ይህ ሶኬት «ሹኮ» ይባላል። ስሙ «ሹትስኮንታክት» ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ተቆርጦ የወጣ ነው፤ የዕቃው ሙሉ ስም «ሹትስኮንታክትሽቴክዶዘ» ነው። ቃሉ ሲሰሙት ቢያስደነግጥም አራት አጫጭር ቃላት ተገጣጥመው የሠሩት ነው፤ እያንዳንዳቸውም በሶኬቱ ላይ በዓይን የሚታይ ክፍል አላቸው። ስለዚህ ቃሉንና ሶኬቱን ጎን ለጎን መፍታት ይቻላል። በቃሉ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው «ሹትስ»፣ ማለትም መከላከያው፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቀስ በቀስ በሚሠሩ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ የሚቀረው ክፍል ስለሆነ ሰፊውን ቦታ የምንሰጠው ለእርሱ ነው።

ቃሉ የት ይቆረጣል?

የጀርመንኛ ድርብ ቃል ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል። መጨረሻ ላይ ያለው ቃል ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራል፤ ከፊቱ የተደረደሩት ምን ዓይነት እንደሆነ ይገልጻሉ። ጾታውን የሚወስነውም የመጨረሻው ነው፦ «ዶዘ» አንስታይ ስለሆነች «ዲ ዶዘ» ትባላለች፤ ፊቷ ላይ የፈለገውን ያህል ቃል ቢጨመር «ዲ» እንዳለች ትቀራለች። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ «የግድግዳ ሶኬት»፣ «የልብስ ማጠቢያ» ስንል እኛም ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። የሚያሳስተው ከግዕዝ የወረስነው አካሄድ ነው። «ቤተ መንግሥት»፣ «ቤተ መጻሕፍት» ላይ ዋናው ቃል ቀድሟል። ጀርመንኛውን በዚያ ስልት ያነበበ ሰው ሶኬቱን የመከላከያ ዓይነት ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የመጀመሪያው መቁረጫ የት ይውላል የሚለው ነው። ትክክለኛው ቦታ መሐል ላይ ነው፦ «ሹትስኮንታክት» ወዲህ፣ «ሽቴክዶዘ» ወዲያ። ትርጉሙም «የመከላከያ መገናኛ ያለው ሶኬት» ይሆናል። «ሹትስ» ብቻውን ተነጥሎ ቀሪው በአንድ ላይ ከተነበበ ግን «መከላከያ የተደረገለት ሶኬት» የሚመስል ነገር ይወጣል፤ ያን ጊዜ አንባቢው ክዳን ወይም ሽፋን ያለበት ሶኬት ይፈልጋል። መከላከያው ሽፋን አይደለም፤ ሁለቱ የብረት ምላሶች ናቸው።

በመጋጠሚያው ላይ አንዳንድ ጊዜ «ስ» የሚል ድምፅ ጣልቃ ይገባል። ትርጉም የለውም፤ ማያያዣ ነው። በ«ኡንግ» የሚያልቅ ቃል ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይህን «ስ» ይወስዳል፤ «ፌርሌንገሩንግስካበል» (ማራዘሚያ ገመድ) የሚቆረጠው «ፌርሌንገሩንግ» እና «ካበል» ተብሎ ነው። የካርቶን ጽሑፍ ሲያነቡ ደግሞ እነዚህን ይያዙ፦ በቃል መጀመሪያ ላይ «ኤስ» እና «ቲ» ተከታትለው ከመጡ «ሽት» ይባላሉ፤ «ዜድ» እንደ «ትስ»፣ «ደብልዩ» እንደ «ቭ» ይነበባል፤ «ኤስ» ከአናባቢ በፊት ሲመጣ «ዝ» ይሆናል። «ሽቴክዶዘ» ውስጥ መጀመሪያ «ሽ»፣ መጨረሻ ላይ «ዘ» የተሰማው ለዚህ ነው።

ዶዘ፦ ሳጥኑ

«ዶዘ» ወደ መደበኛው ጀርመንኛ የገባው ከሰሜኑ ዝቅተኛ ጀርመንኛና ከደች ነው፤ ደቾች ዛሬም ሳጥንን «ዶስ» ይላሉ። ጀርመኖች የስኳር ዕቃውን፣ የምሳ ዕቃውን፣ የታሸገ ምግብ ቆርቆሮውን ሁሉ «ዶዘ» ይሉታል። በኤሌክትሪክ ሥራ ደግሞ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ክብ ሳጥንም፣ ገመዶች የሚገናኙበት ማከፋፈያ ሳጥንም «ዶዘ» ነው። ስሙ እንደሚለው ሥራው ከሳጥኑ ይጀምራል።

የጀርመኑ መደበኛ ሳጥን 68 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ሶኬቱን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች በ60 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ሁለት ሶኬት ጎን ለጎን ሲገጠም ከመሐል እስከ መሐል 71 ሚሊ ሜትር ነው። ካርቶኑ ላይ «ኡንተርፑትስ» ካለ በልስን ውስጥ የሚቀበር፣ «አውፍፑትስ» ካለ በልስን ላይ የሚለጠፍ ነው፤ «ፑትስ» ልስን፣ «ኡንተር» ከታች፣ «አውፍ» ከላይ ማለት ነው። ለጭቃ ቤት ሁለተኛው ይሻላል፤ በእንጨት ላይ በብሎን ይታሰራል።

በብሎኬት ግድግዳ ላይ የተለመደው ችግር ሳጥኑ ወደ ብሎኬቱ ባዶ ሆድ መስመጡ ነው። ከዚያ በላዩ 2 ሴንቲ ሜትር ልስን ሲመጣበት ብሎኖቹ አይደርሱም፤ ሠራተኛው ሶኬቱን በጎን ጥፍሮቹ ብቻ ያስይዘዋል። ጥፍር ብቻውን የያዘው ሶኬት ወንዴው (የሚሰካው ክፍል) በተነቀለ ቁጥር አብሮ ይወጣል፤ ሽቦው ይሳባል፣ መጋጠሚያው ይላላል፣ የላላ መጋጠሚያ ደግሞ ይግላል። መፍትሔው ከልስን በፊት የሳጥኑን ዙሪያ በጂፕሰም ወይም በሲሚንቶ ማሰር፣ ከንፈሩንም ልስኑ ሲያልቅ ከሚኖረው ፊት ጋር እኩል ማድረግ ነው።

ሽቴክ፦ መሰካቱ

«ሽቴከን» መሰካት ነው፤ «ሽቴኸን» (መውጋት) ከሚለው የወጣ ጥንታዊ ግስ ነው። ሲደረብ መጨረሻውን ጥሎ «ሽቴክ» ይሆናል። መጨረሻው ላይ «ኤር» ቢጨመርበት «ሽቴከር» ይወጣል፤ ወንዴው ሶኬት ማለት ነው። ይህ «ኤር» አድራጊውን ያመለክታል፤ መነሻው የላቲኑ «አሪዩስ» ነው። አማርኛ ለመሣሪያ ስም ፊት ላይ «መ» ጨምሮ «መሰኪያ»፣ «መጥረጊያ» እንደሚለው፣ ጀርመንኛ ከኋላ «ኤር» ጨምሮ ያወጣል።

የሹኮ ወንዴ እግሮች 4.8 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ፣ 19 ሚሊ ሜትር ይረዝማሉ፣ ከመሐል እስከ መሐል በ19 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። የስልክ ቻርጀር ላይ ያለው ጠፍጣፋ ወንዴ እግር ግን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የተሠራውም እስከ 2.5 አምፔር ለሚስብ ዕቃ ነው። ሁለቱም አንድ ቀዳዳ ውስጥ ይገባሉ። ሶኬቱ ሲያረጅ ውስጡ ያለው መያዣ ይሰፋል፤ መጀመሪያ የሚላላው ቀጭኑ ነው። ቀጭኑ ካልያዘ ወፍራሙም በደንብ እየያዘ አይደለምና ሶኬቱን ይቀይሩ።

ሹኮ የሚችለው 16 አምፔር ነው። በ220 ቮልት ሲባዛ 3,520 ዋት ይሆናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል፣ ያውም እንጀራው እስኪያልቅ ያለ ዕረፍት። ስለዚህ ምጣድ በሶኬት መሥራት የለበትም። ከብሬከሩ የተነሣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የራሱ መስመርና ለዚያ ጭነት የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ይሰጠው። ፊቱ የጠየመ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ሶኬት ያለበት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምጣዱ የት ይሰካል የሚለው ነው።

ኮንታክት፦ መነካካቱ

ቃሉ የላቲን ነው፤ «ኮን» አብሮ፣ «ታንገሬ» መንካት። በሶኬቱ ላይ ኮንታክት የተባሉት ሁለቱ የብረት ምላሶች ናቸው። ወንዴው ሲሰካ ምላሶቹ በጎኑ ካሉት ብረቶች ጋር የሚነካኩት እግሮቹ ኮረንቲ ከማግኘታቸው በፊት ነው፤ ሲነቀልም የሚለቁት በመጨረሻ ነው። እንዲህ የተደረገው ዕቃው ኮረንቲ በሚያገኝበት ጊዜ ሁሉ መከላከያው ቀድሞት እንዲገኝ ነው።

ምላሶቹ እንዳይነኩ የሚያደርጉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቀለም ነው። ቀቢው ሶኬቱን ሳይሸፍን ሮለሩን ሲያሳልፍ ምላሶቹ በቀለም ይለበሳሉ፤ ቀለም ኮረንቲ አያስተላልፍም። ሁለተኛው ሁሉን ዓይነት ወንዴ የሚቀበለው ሶኬትና ዲቫይደር ነው። ክብም፣ ጠፍጣፋም፣ ባለ ሦስት እግርም ስለሚያስገባ ገበያ ላይ ይወደዳል፤ ነገር ግን የጎን ምላስ የለውም። የሹኮ ወንዴ እዚያ ላይ ሲሰካ ዕቃው ይሠራል፣ መከላከያው ግን ምንም አይነካም። ማጠቢያ ማሽን፣ ፍሪጅ፣ ካውያና የውሃ ማፍያ እንዲህ ያለ ዲቫይደር ላይ መሰካት የለባቸውም። ስማቸው ባለበት ሰሌዳ ላይ በካሬ ውስጥ ሌላ ካሬ የተሳለባቸው ዕቃዎች ግን ድርብ መከላከያ ስላላቸው ምላሱን አይፈልጉም።

ሹትስ፦ መከላከያው

የዛሬው ጀርመንኛ «ሹትስ» ሲል ጥበቃ ማለቱ ነው። ግሱ «ሹትሰን» በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ ውሃን መከተር፣ በአፈር መገደብም ነበር። ይህ ጥንታዊ ትርጉም እስካሁን አልጠፋም፦ የቦይ ውሃ የሚዘጋውና የሚከፍተው መዝጊያ በድምፅ ለ«ሹትስ» በጣም የቀረበ ስም አለው፤ አቃቂ ቃሊቲ ባሉ ፋብሪካዎች ፓነል ውስጥ የሚገኘው፣ እኛ ኮንታክተር የምንለው ዕቃም በጀርመንኛ ያንኑ ስም ይዟል።

ቃሉ በሌሎች የቤት ዕቃዎች ስም ውስጥም ስላለ ምን ከምን እንደሚከላከል ማንበብ ያስፈልጋል። ብሬከር በጀርመንኛ «ላይቱንግስሹትስሻልተር» ነው። ይቁረጡት፦ «ላይቱንግ» መስመር ወይም ሽቦ፣ «ስ» ማያያዣ፣ «ሹትስ» መከላከያ፣ «ሻልተር» ማብሪያ ማጥፊያ። ሽቦውን የሚከላከል ማብሪያ ማጥፊያ! ሰውን አላለም፤ በእርግጥም ሰውን ለመከላከል አልተሠራም። ሰውን የሚያድነው «ፌለርሽትሮምሹትስሻልተር» ነው፦ «ፌለር» ስሕተት፣ «ሽትሮም» ኮረንቲ። መንገዱን ስቶ በሰው አካል ወይም በዕቃው ገላ ወደ መሬት የሚሄደውን ኮረንቲ ተከታትሎ የሚቆርጥ ነው። በአጭሩ «ኤፍ አይ» ይሉታል፤ «ኤፍ» ከ«ፌለር»፣ «አይ» ደግሞ ኮረንቲ በቀመር የሚጻፍበት ፊደል ነው። ለቤት የሚገዛው 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ነው።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገርማል። ግቢው ውስጥ የተተከለው የግራውንድ ዘንግ (ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው ብረት) 50 ኦም ቢኖረው (ኦሙ በበዛ ቁጥር ኮረንቲ የሚያልፈው በጭንቅ ነው)፣ የፍሪጁ ገላ ከፌዝ (ኮረንቲ ከሚያመጣው ሽቦ) ጋር ሲነካካ በዘንጉ የሚያልፈው 220 ለ50 ሲካፈል 4.4 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በ4.4 አምፔር አይወርድም፤ ሲ 16 የተባለው ዓይነት ወዲያው ለመውረድ ከ80 እስከ 160 አምፔር ይፈልጋል። ፍሪጁ ይነዝራል፣ ብሬከሩ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ያው 4.4 አምፔር ግን ለኤፍ አይ ከሚበቃው ከመቶ እጥፍ በላይ ስለሆነ ወዲያውኑ ይቆርጣል። ስለዚህ ግራውንዱ በዘንግ ብቻ በሆነ ቤት ምላሱን ከዘንጉ ጋር ማገናኘት ግማሽ ሥራ ነው፤ ኤፍ አይ መጨመር አለበት። በላዩ ያለውን «ቲ» የሚል ቁልፍ ቢያንስ በስድስት ወር አንድ ጊዜ ይጫኑት፤ ካልወረደ ይቀየር።

አፈሩም ይታሰብ። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ያለው ጥቁር ኮትቻ በክረምት እርጥብና ጥሩ አስተላላፊ ነው፤ በበጋ ግን ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉ ይላቀቃል፣ ኦሙም ይጨምራል። 1.5 ሜትር ዘንግ ከላይ የሚደርቀውን ክፍል አልፎ መውረድ አለበትና ሙሉ በሙሉ ይቀበር፤ የማጠቢያ ውሃ የሚፈስበት አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። የዘንጉን ኦም የሚለካው የግራውንድ መለኪያ እንጂ ተራ መልቲሜትር አይደለም። ልኬቱም በበጋ፣ መሬቱ በደረቀበት ወቅት ቢሆን እውነተኛው ይታወቃል።

ምላሶቹ መገናኘታቸውን መፈተሽ

ኮረንቲ ያለበትን ሶኬት መለካት ለለመደ እጅ ነው፤ ያልለመደ ባለሙያ ይጥራ። መልቲሜትሩን የሞገድ ምልክት ባለበት የቮልት ክፍል 600 ወይም 750 ላይ ያድርጉ። ሶኬቱ ላይ ምንም አይሰካ። በመጀመሪያ ሁለቱን ቀዳዳዎች ይለኩ፤ 220 ገደማ ይነበባል። ቀጥሎ አንዱን የመልቲሜትሩን መለኪያ ጫፍ ምላሱ ላይ አድርገው ሌላውን በየተራ በሁለቱም ቀዳዳ ያስገቡ። ሹኮ ፌዝ በቀኝ ይሁን በግራ አይወስንም፤ ወንዴውም ተገልብጦ ይሰካል፤ ስለዚህ አንዱን ቀዳዳ ብቻ ለክቶ መፍረድ አይቻልም። አንዱ 220 ገደማ፣ ሌላው ከጥቂት ቮልት ያልበለጠ ካሳየ ምላሱ ከአንድ ነገር ጋር ተገናኝቷል። በሁለቱም በኩል እንደ 60 ወይም 90 ያለ የሚዋልል ቁጥር ከመጣ ምላሱ የትም አልተገናኘም፤ ቁጥሩ አጠገቡ ካሉ ሽቦዎች የመጣ ጥላ ነው። በሁለቱም ዜሮ ከሆነ ቀለሙን ፋቅ አድርገው ይድገሙት። ቀዳዳዎቹ የሕፃናት መከለያ ያላቸው ከሆኑ አንድ የመለኪያ ጫፍ ብቻውን አይገባም፤ በሽቦ አይጎርጉሩ፣ በወንዴ መልክ የሚሸጠውን ባለ ሦስት መብራት መፈተሻ ይጠቀሙ።

ጥሩ ቁጥር መምጣቱ ብቻ አይበቃም። ዋናውን ብሬከር አውርደው፣ ኮረንቲ አለመኖሩን አረጋግጠው ሶኬቱን ይፍቱትና ከምላሱ ብሎን የተነሣው ሽቦ የት እንደሚሄድ ይከተሉ። ከኒውትራሉ (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) ብሎን ወደ ምላሱ ብሎን የተዘረጋ አጭር ቁራጭ ሽቦ ካገኙ ወዲያው ይንቀሉት። ይህ አቋራጭ በመልቲሜትር ሲለካ ትክክለኛ ግራውንድ ይመስላል። ነገር ግን ኒውትራሉ ከቆጣሪው ወዲህ አንድ ቦታ ላይ ቢበጠስ፣ ፌዙ በዕቃው ውስጥ አልፎ በዚያች ቁራጭ ወደ ብረት ገላው ይመጣል፤ ማጠቢያ ማሽኑ ቆሞ፣ የጠፋ መስሎ፣ ገላው 220 ቮልት ይይዛል። ትክክለኛው ሽቦ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ከሶኬቱ እስከ ብሬከር ሳጥኑ፣ ከዚያም እስከ ዘንጉ ሳይቋረጥ የሚሄድ ነው።

የዚህ ሽቦ የጀርመንኛ ስም «ሹትስላይተር» ነው። መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ «ላይተር» ለሚለው «መሰላል» የሚል ፍቺ ያገኛሉ፤ ያ ሌላ ቃል ነው። መሰላሉ አንስታይ «ዲ ላይተር» ሲሆን ከመደገፍ የመጣ ነው፤ አስተላላፊው ተባዕታይ «ዴር ላይተር» ሆኖ «ላይተን» (መምራት) ከሚለው ይወጣል። «ላይቱንግ»ም ከዚሁ ነው። ያገለገለ የጀርመን ዕቃ ሲፈቱ ደግሞ የቀለሙን ዕድሜ ይጠርጥሩ፦ እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ በጀርመን የመከላከያው ሽቦ ቀይ ነበር። እኛ ዘንድ ቀይ ሲታይ ፌዝ ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ ላይ ቀዩን ከፌዝ ጋር ማሰር የብረት ገላውን በቀጥታ ኮረንቲ ላይ መጣል ነው። ከማሰርዎ በፊት ዕቃው ሳይሰካ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርገው ከገላው ጋር የተያያዘው የትኛው ሽቦ እንደሆነ ይለዩ፤ ያ ሽቦ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን የሚታሰረው ከምላሱ ጋር ነው።